የሶፍትዌር ባለሙያው ቅዳሜ የማን ነው?

በባንክ፣ በቴሌኮም፣ በአየር መንገድ ወይም በሌላ ትልቅ ድርጅት ተቀጥሮ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ፣ በተለምዶ ዴቨሎፐር ወይም አበልጻጊ የሚባለው፣ ሁለት ዓይነት ጊዜ እንዳለው ይታሰባል፤ አንዱ ለአሠሪው የሸጠው፣ ሌላው የራሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሙያ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ስለ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ሲወያይ ቢያመሽ፣ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ለጉባኤ ወደ ሌላ ከተማ ቢጓዝ፣ የሰው ኃይል መምሪያው ጉዳዩን በሁለተኛው መዝገብ ያሰፍረዋል፤ ፈቃድ ከጠየቀ ከዓመት ዕረፍቱ ይቀነስበታል፣ ገንዘብ ከጠየቀ ደግሞ እንደ ጉርሻ ይቆጠርለታል። የሙያው ታሪክ ግን ይህን አከፋፈል አይደግፍም። ባለፉት ሰባ ዓመታት ድርጅቶች ከሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ፣ ከዚያም አልፎ የባለሙያው የሥራ ቀን ራሱ የሚመራባቸው ልማዶች፣ የተወለዱት ከማንም ድርጅት ቅጥር ውጪ፣ የተለያየ አሠሪ ያላቸው ሰዎች በተገናኙባቸው ስብሰባዎች ነው።

የሥራ ቀኑን ቀረብ ብሎ ለሚያይ፣ ኮድ መጻፍ፣ ማለትም ለኮምፒዩተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ በፕሮግራም ቋንቋ ማስፈር፣ ከቀኑ ትልቁን ድርሻ አይወስድም። ባለሙያው ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ሌሎች የጻፉትን፣ አንዳንዴም ጽፈውት ድርጅቱን ለቀው የሄዱትን ኮድ በማንበብ፣ አንድ ስህተት ከየት እንደመጣ በመፈለግ፣ ባልደረባው ያቀረበውን ለውጥ መስመር በመስመር በመመርመር፣ እንዲሁም የሚፈልገውን ገና ለራሱም በውል ካልለየ የሥራ ክፍል ጋር በመሰብሰብ ነው። ጠዋት ቡድኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ትናንት የተሠራውን፣ ዛሬ የሚሠራውንና እንቅፋት የሆነውን ይነጋገራል፤ ይህ ስታንድአፕ ይባላል። ሥራው ስፕሪንት በሚባሉና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት በሚፈጁ ዙሮች ተከፍሎ ይያዛል። ሥርዓቱ ሌሊት ቢቆም የሚጠራ ተረኛም በየሳምንቱ ይመደባል፤ የተረኛው ስልክ ከመኝታው አይርቅም።

እነዚህ ልማዶች ከአስተዳደር የወረዱ ደንቦች ቢመስሉም ምንጫቸው ሌላ ነው። ስፕሪንቱንና የየዕለቱን አጭር ስብሰባ ያስለመደው ስክረም የተባለው አሠራር ለሙያው ኅብረተሰብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 በቴክሳስ ኦስቲን በተካሄደው ኡፕስላ በተሰኘ የፕሮግራም ባለሙያዎች ጉባኤ ሲሆን፣ አቅራቢዎቹም ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 አሥራ ሰባት ባለሙያዎች በዩታ ግዛት ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ተገናኝተው አጃይል የተሰኘውን አጭር መግለጫ አወጡ፤ በመግለጫው ሰዎችንና ግንኙነታቸውን ከአሠራር ደንብና ከመሣሪያ አስቀደሙ። (ይኸው መግለጫ በብዙ ድርጅቶች ተጨማሪ ቅጽ መሙያና ተጨማሪ ስብሰባ መጥሪያ ምክንያት መሆኑ በአሥራ ሰባቱ ሊሳበብ አይገባም።) ኮድ የሚጽፈውና ኮዱ የሚሠራባቸውን ኮምፒዩተሮች የሚያስተዳድረው ክፍል በአንድነት ይሥራ የሚለው፣ ዴቭኦፕስ የሚባለው አስተሳሰብም ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 በቤልጂየም ጌንት ከተማ ፓትሪክ ደቡዋ ካዘጋጀው ስብሰባ ነው። የዛሬ ቀጣሪ በሥራ ማስታወቂያው ላይ እነዚህን ሦስት ቃላት እንደ ቅድመ ሁኔታ ሲዘረዝር፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጪ በሚያደርገው ስብሰባ የተገኘ ዕውቀት እየጠየቀ መሆኑን ልብ አይለውም።

የመሰባሰቡ ልማድ ከኮምፒዩተር ንግድ ጋር ተቀራራቢ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የነበሩት የአውሮፕላን አምራቾች፣ ሎክሂድንና ኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽንን የመሳሰሉት፣ የመንግሥት የመከላከያ ትእዛዝ ለማግኘት ብርቱ ፉክክር ውስጥ ነበሩ። የሚያሰሉት ግን ሁሉም ከአይቢኤም በተከራዩት አንድ ዓይነት ማሽን ነበር። ማሽኑ ሲመጣ አብሮት የሚመጣው ፕሮግራም እጅግ ጥቂት ስለነበረ የየፋብሪካው ፕሮግራመሮች ሳይን የሚያሰላውን፣ ቁጥርን ከአንድ አጻጻፍ ወደ ሌላ የሚለውጠውን፣ ውጤቱን በወረቀት ላይ የሚያትመውን ሁሉ ለየብቻቸው ከባዶ ይጽፉ ነበር፤ በአንዱ ፋብሪካ የተፈታው ችግር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ባለው ሌላ ፋብሪካ በሌላ ደመወዝ እንደገና ይፈታል። አይቢኤም 701 የተባለውን ሞዴል በ704 ሲተካ፣ ለአሮጌው የተጻፈው ለአዲሱ ስለማይሆን፣ ይህ ሁሉ ድካም ከመጀመሪያው ሊደገም ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ተፎካካሪዎቹ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1955 በሳንታ ሞኒካ በሚገኘው ራንድ ኮርፖሬሽን ተገናኝተው ሼር የተባለውን የተጠቃሚዎች ማኅበር የመሠረቱት። አባላቱ የጻፏቸውን ፕሮግራሞች በጋራ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጡ፣ ለአጻጻፉ የጋራ ደንብ አወጡ፣ ከአይቢኤም ጋርም በአንድ ድምፅ መደራደር ጀመሩ፤ ቀጥሎ ለመጣው 709 ሞዴል ደግሞ ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድር ሥርዓት እስከ መንደፍ ደረሱ። ማኅበሩ ዛሬም አለ።

የሼርን ታሪክ ከተራ የትብብር ተረክ የሚለየው፣ የሚደበቀውና የሚካፈሉት የተለዩበት ወሰን ነው። የክንፉ ንድፍና የሞተሩ ስሌት በየፋብሪካው ተቆልፎ ቀረ፤ ወደ ጋራው ቤተ መጻሕፍት የገባው ማንም በእሱ ሌላውን ሊበልጥበት የማይችል፣ ግን ሁሉም ያለ እሱ መሥራት የማይችል ነገር ነው። ይህን ወሰን በትክክል ለማስመር ሥራውን በእጁ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ለሕግ ክፍል ሁሉም ኮድ ንብረት ነው፣ ለሂሳብ ክፍልም ሁሉም ኮድ ወጪ ነው፤ የትኛው ክፍል የድርጅቱ ምሥጢር፣ የትኛውስ የሙያው የጋራ ዕውቀት እንደሆነ የሚያውቀው ፕሮግራመሩ ነው።

ወሰኑ በኋላ እየተገፋ ሄዷል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በጁን 1969 ሶፍትዌርንና አገልግሎትን ከማሽኑ ለይቶ በየራሳቸው ዋጋ እንደሚሸጥ ሲያስታውቅ፣ ከማሽኑ ጋር በነፃ ይሰጥ የነበረው ፕሮግራም የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ፤ የሚሸጥ ነገር ደግሞ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1975 በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ የተጀመረው ሆምብሩ ኮምፒዩተር ክለብ የአዲሱን ዘመን ሁለት ፊት በአንድ ላይ ያሳያል። ከአባላቱ አንዱ የነበረው ስቲቭ ወዝኒያክ በወቅቱ የሂውሌት ፓካርድ ተቀጣሪ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው የሠራውን፣ በኋላ አፕል አንድ የተባለውን ኮምፒዩተር ለክለቡ አሳየ፣ ለአሠሪው አቀረበ፣ አሠሪው አልፈልገውም አለ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1976 አፕል ተመሠረተ። በዚያው ዓመት በክለቡ ጋዜጣ ላይ ወጣቱ ቢል ጌትስ ያወጣው ግልጽ ደብዳቤ ደግሞ አባላቱ የጌትስን ድርጅት ፕሮግራም ሳይከፍሉ እየገለበጡ ነው የሚል ክስ የያዘ ነበር። አንዱ ክለብ የባለሙያውን ነፃነትና የኩባንያውን ቅሬታ አብሮ አስተናገደ፤ ክርክሩ ዛሬም ከዚያ ብዙም አልራቀም።

በዘመናችን ካሉት ጉባኤዎች ለዚህ ሐተታ ምሳሌ የሚሆነው ፎስደም ነው። በየዓመቱ በአውሮፓ ክረምት፣ ብዙ ጊዜ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ፣ በብራሰልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄደው ይህ ጉባኤ ክፍት ምንጭ ስለሚባለው፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ሰው ንባብ፣ ለውጥና ሥርጭት ክፍት ስለሆነው ሶፍትዌር ነው። መግቢያው በነፃ ነው፣ ምዝገባ የለም፣ አዘጋጆቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሆኖም ወደ ግቢው የሚጎርፉት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሳምንቱ ቀናት በትላልቅ ኩባንያዎች የሚሠሩ በርካታ ባለሙያዎችን ያካትታሉ። ንግግሮቹ ተቀርጸው ስለሚሠራጩ ለንግግሩ ብቻ ብራሰልስ ድረስ መሄድ አያሻም። የሚኬደው ለኮሪደሩ ነው፤ ለወራት በጽሑፍ ሲከራከሩ የቆዩ ሁለት ሰዎች ቡና ይዘው በአሥር ደቂቃ የሚግባቡበት፣ አንዱ ድርጅት ሞክሮ የወደቀበትን መንገድ ሌላው ሳይጀምረው የሚሰማበት ቦታ እሱ ነው። ውድቀት በመድረክ ላይ ከነሙሉ ዝርዝሩ አይነገርም፣ በኮሪደር ግን ይነገራል። ኮሮና ባስገደደበት እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ጉባኤው በኢንተርኔት ብቻ ሲካሄድ ንግግሮቹ አልጎደሉም፤ የጎደለው ይኸው ኮሪደር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን በአካል መገናኘት የሚያስገኘው እምነት ትኩረት ይሻል። ደቢያን የተባለው፣ በዓለም ዙሪያ ባሉ በጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ አዲስ ሰው ሙሉ አባል ሆኖ በሥርዓቱ ውስጥ የራሱን ሥራ እንዲያስገባ ከመፍቀዱ በፊት የሰውየውን ዲጂታል ቁልፍ ነባር አባላት እንዲፈርሙበት ይጠይቃል። ዲጂታል ቁልፍ ማለት አንድ ሰው የላከው ነገር በእርግጥ ከእሱ መሆኑ የሚረጋገጥበት የሂሳብ ምልክት ነው። ነባሩ አባል ከመፈረሙ በፊት በልማድ አዲሱን ሰው በአካል አግኝቶ መታወቂያውን ያያል፤ ለዚህም ሲባል በጉባኤዎች ላይ ሰዎች መታወቂያና ወረቀት ይዘው እየተዟዟሩ የሚተያዩባቸው ልዩ ዝግጅቶች ይሰናዱ ነበር። ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሰውየውን አውቀዋለሁ የሚል ዋስ የመጥራት ሥርዓት ነው።

ዋስ የሌለበት መተማመን የሚያስከትለውን አደጋ እ.ኤ.አ. በ2024 የታየው ጉዳይ ገልጦታል። ኤክስዜድ የተባለ፣ ፋይሎችን አጥብቆ የሚያሳንስ አነስተኛ ፕሮግራም በዓለም ላይ ባሉ ስፍር ቁጥር በሌላቸው ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይገኛል፤ የሚጠብቀው ግን ላሴ ኮሊን የተባለ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜው። ጂያ ታን በሚል ስም የሚጽፍ ሰው፣ ወይም ቡድን፣ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ጠቃሚ የሚመስሉ ማሻሻያዎችን እየላከ እምነት አተረፈ፣ ቀስ በቀስም የፕሮግራሙ ተባባሪ ኃላፊ ሆነ፤ በመጨረሻም ከርቀት ወደ ኮምፒዩተር ለመግባት የሚያገለግለውን ሥርዓት ለጥቃት የሚያጋልጥ ስውር በር በአዲሱ እትም ውስጥ ደበቀ። ድርጊቱን የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት ተቀጣሪ ሲሆን፣ ፖስትግሬስ የተባለውን ክፍት ምንጭ የመረጃ ቋት ከሚሠሩት ባለሙያዎች አንዱ ነው። ፍሮይንድ የመረጃ ቋቱን ፍጥነት ሲለካ ከርቀት የሚደረገው መግቢያ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተዋለ፣ መንስኤውን ተከታትሎ ደረሰበት፣ ማርች 29 ቀን ለሕዝብ ይፋ አደረገው። በሩ ወደ አብዛኞቹ የሥራ ላይ ኮምፒዩተሮች ሳይደርስ በሙከራ እትሞች ላይ እንዳለ ተያዘ፤ የጂያ ታን እውነተኛ ማንነት ግን እስካሁን በይፋ አልታወቀም። በአካል መገናኘት ይህን ሁሉ ይከላከል ነበር ማለት አይቻልም፣ የሐሰት መታወቂያ ያለው ሰላይም ጉባኤ መሄድ ይችላልና፤ የማታለሉን ዋጋ ግን እጅግ ያንረዋል። ብቻውን ሲደክም የነበረው ኮሊን አጠገብ ሥራውን የሚያውቅና ፊቱን የሚያውቀው ረዳት ቢኖር ኖሮ፣ በጽሑፍ ብቻ የመጣ እንግዳ ቁልፉን ለመረከብ ይህን ያህል አይቀለውም ነበር።

እዚህ ላይ የፍሮይንድ ግኝት በየትኛው ጊዜ እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል። የሚከፍለው ማይክሮሶፍት ነው፣ የሚሠራው ግን የማይክሮሶፍት ብቻ ባልሆነ ፕሮግራም ላይ ነው፣ የተጠቀመውም ዓለም ሁሉ ነው። በጊዜው ክፍፍል ላይ ግልጽ ስምምነት ያደረጉ ኩባንያዎች አሉ፤ የፓይተን ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ከእ.ኤ.አ. 2005 እስከ 2012 በጉግል በሠራበት ጊዜ የሥራ ሰዓቱን ግማሽ ለፓይተን እንዲያውል ተፈቅዶለት ነበር። በካሊፎርኒያ ያለው የሥራ ሕግ ደግሞ ሠራተኛው በራሱ ጊዜና በራሱ መሣሪያ የፈጠረውን፣ ከአሠሪው ሥራ ጋር እስካልተያያዘ ድረስ፣ አሠሪው በውል ሊወስድበት እንደማይችል ይደነግጋል። ከእነዚህ ውጪ ያለው ብዙኃኑ ባለሙያ ግን ትምህርቱን የሚገበየው ከቤተሰቡ በሚቀነስ ሰዓት ነው። ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚጀመር ስብሰባ ልጅ የሚያሳድጉትን፣ በተለይም እናቶችን፣ ማንም በሩን ሳይዘጋባቸው ያስቀራል። ሃካቶን የሚባለው፣ ወጣቶች ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ያለ ዕረፍት ፕሮግራም የሚሠሩበት ውድድርም አዘጋጁ ኩባንያ የራሱን ችግር በፒዛና በቲሸርት ዋጋ የሚያስፈታበት መድረክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስብሰባን ሁሉ በጅምላ ማወደስ እንግዲህ ከእውነቱ ያርቃል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የራሱ ቀለም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ይህ ልክ ሳምንቱን ወደ ስድስት ቀን የሚያደርሰው በመሆኑ፣ ባንኮችም ቅዳሜ ስለሚከፍቱ፣ በሌላ አገር የሙያ ስብሰባ የሚውልበት ቅዳሜ በአዲስ አበባ ለብዙዎች የሥራ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተቋቋመው አይስአዲስ ያሉ ማዕከላትና የወጣት ፕሮግራመሮች ቡድኖች የሚያሰናዷቸው መድረኮች ቢኖሩም፣ ከተማሪው ይልቅ የተቀጠረው ባለሙያ ወደዚያ ለመድረስ ይቸገራል። ወደ ውጭ መሄዱ ደግሞ ሌላ ስሌት ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከሃምሳዎቹ ብር ከመቶ በላይ ስለወጣ የአውሮፕላን ትኬቱ ከደመወዙ ጋር አይገናኝም፣ ወደ ብራሰልስ ለመሄድ የሚያስፈልገው የሸንገን ቪዛ ማመልከቻም ይሁንታ ቢያገኝም ባያገኝም የማይመለስ 90 ዩሮ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአክራ እንደተጀመረው ፓይኮን አፍሪካ ያሉት የአህጉሩ ጉባኤዎች ርቀቱን ቢያሳጥሩትም የገንዘቡን ጥያቄ አልፈቱትም።

ይሁንና የአዲስ አበባ ባንኮች ሁኔታ ከ1955ቱ የሎስ አንጀለስ ፋብሪካዎች ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ከሠላሳ በላይ የሆኑት ባንኮች እርስ በርስ ይፎካከራሉ፣ ሁሉም ግን በጋራ ባቋቋሙት ኢትስዊች በኩል ገንዘብ ይለዋወጣሉ፣ ሁሉም ከፋይዳ መታወቂያ ጋር መተሳሰር ይኖርባቸዋል፤ ፋይዳ ራሱ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ ክፍት ምንጭ ነው። የየባንኩ ባለሙያ ከውጭ በተገዛው ዋና የባንክ ሥርዓት ላይ ጳጉሜን የሚያውቅ የቀን መቁጠሪያ መጨመር፣ አምስትና ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት መለየት፣ ኃይሉና ሀይሉ ተብሎ የተጻፈው ስም የአንድ ደንበኛ መሆኑን ማወቅ፣ ያንኑ ስም በላቲን ፊደል በአራት ዓይነት መንገድ ተጽፎ ሲያገኘውም አለመሳት ይጠበቅበታል። ከእነዚህ አንዱም የአንድ ባንክ የብልጫ ምንጭ አይደለም፤ ሁሉም ያለ እነሱ አይሠራም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም፣ ማለትም የዓለምን ጽሕፈቶች ለኮምፒዩተር በቁጥር በሚወክለው የጋራ ስምምነት ውስጥ ስለገባ፣ ፊደሉን ለየብቻ የመሥራት ጣጣ ቀርቷል፤ የስሙና የቀኑ ጣጣ ግን እንዳለ ነው።

ይህን ሥራ በጋራ ለማስቀመጥ የሚያስቸግረው ቴክኒኩ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁት ሥራዎች መካከል ይቆጥራል፣ ተቀጣሪ በሥራው ግዴታ የፈጠረው ሥራ የገንዘብ መብትም፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። እንግዲህ አንዲት የባንክ ባለሙያ በሥራ ሰዓት የጻፈችውን፣ የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓውያኑ የሚለውጥ ሁለት ገጽ የማይሞላ ኮድ፣ ለሌላ ባንክ ባልደረባዋ ለማካፈል የአሠሪዋን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት ይኖርባታል። ድርጅቱ ለዚህ ጉዳይ የውስጥ መመሪያ ከሌለው፣ የቴክኖሎጂ ኃላፊው ወደ ሕግ ክፍል፣ ሕግ ክፍል ወደ ስጋት አስተዳደር፣ ስጋት አስተዳደርም መልሶ ወደ ቴክኖሎጂ ኃላፊው ይመራታል፤ እስከዚያው የሌላው ባንክ ባለሙያ ጳጉሜን ከመጀመሪያው ማስላት ይጀምራል።